ማጀቢያ ሙዚቃ ንግግርን እንዳይውጥ፦ ለአንድ ቪዲዮ አዘጋጅ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው ተራኪና ሁለት ቃለ መጠይቆች ያሉት አጭር ዘጋቢ ቪዲዮ አዘጋጅተዋል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም ማጀቢያ ሙዚቃ ይሰማበታል። እርሳቸው በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙት ሁሉም ነገር ልክ ነው፤ በስልካቸው የተመለከቱት ሰዎች ግን «ሙዚቃው ንግግሩን ውጦታል» ይላሉ። ሙዚቃውን ዝቅ ባደረጉት ጊዜ ደግሞ ቪዲዮው ደርቆ ታያቸው፤ አንዳንዱ ቃልም እንዲያ ሆኖ እንኳ በግልጽ አልተሰማም። ስለዚህ «ሙዚቃው ከንግግሩ በስንት ዴሲቤል ማነስ አለበት?» ሲሉ ጠይቀዋል፤ ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው። አንደኛው ቃለ መጠይቅ ሙዚቃ በተከፈተበት ቦታ የተቀረጸ ስለሆነም ንግግሩን ከሙዚቃው መለየት ይቻል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ቁጥሩን አስቀድሜ ልንገርዎ። ሰው እየተናገረ ከሥሩ የሚሰማ ሙዚቃ ከንግግሩ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ቢጀምር ለአብዛኛው ሥራ ጥሩ መነሻ ይሆናል። የድረ ገጽ ይዘት ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆን የወጣውና ደብሊውሲኤጂ በሚል አጠራር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ መመሪያ ባስቀመጠው ከፍተኛ ደረጃ፣ ከንግግር ጀርባ የሚሰማ ድምፅ ከንግግሩ ቢያንስ በ20 ዴሲቤል እንዲያንስ ይጠይቃል፤ አልፎ አልፎ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ የሚሰሙ ድምፆችን ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርጋል። 20 ዴሲቤል በጆሮ ሲመዘን ሙዚቃው የንግግሩን አንድ አራተኛ ያህል ጎልቶ ይሰማል ማለት ነው። ነገር ግን የእርስዎ ችግር በዚህ ቁጥር ብቻ የሚፈታ ቢሆን ኖሮ ሙዚቃውን ዝቅ ባደረጉ ጊዜ በተፈታ ነበር። በንግግርና በሙዚቃ መካከል እኩል የ18 ዴሲቤል ልዩነት ያላቸው ሁለት ቪዲዮዎች አንዱ ጥርት ብሎ ሲሰማ ሌላው አድማጩን ሊያደክም ይችላል፤ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ደግሞ ከራስዎ ጆሮ መጀመር ይገባል።

እርስዎ የተራኪውን ጽሑፍ ጽፈውታል ወይም ደጋግመው አንብበውታል፤ ሲቀረጽም ሰምተውታል፤ ሲቆርጡና ሲቀጥሉ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ ብዙ ጊዜ ተመላልሰዋል። ከዚህ በኋላ ከሚሰሙት ቃል ምን ያህሉ ከድምፅ ማጉያው፣ ምን ያህሉ ከትዝታዎ እንደሚመጣ ለመለየት አይቻልዎትም። አእምሯችን የጎደለውን የንግግር ድምፅ ራሱ ሞልቶ እንደሚያሰማን በሙከራ የታየ ነገር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ዋረን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ከተቀረጸ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት የንግግር ድምፅ ቆርጦ አውጥቶ በቦታዋ ሳል ሲያስገባ አድማጮቹ ቃሉን ሙሉ አድርገው ሰሙት፤ የጎደለ ነገር መኖሩም አልታወቃቸውም። የዋረን አድማጮች ጽሑፉን በቃላቸው የሚያውቁ አልነበሩም። ቃሉን አስቀድሞ በሚያውቅ ሰው ላይ ይህ የመሙላት ችሎታ ምን ያህል እንደሚበረታ መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ተመልካቾችዎ «አልሰማንም» ሲሉ ቃላቸውን እንደ ትክክለኛ መለኪያ ይቀበሉት። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ሥራ ሁሉ ቪዲዮውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማውን ሰው ጆሮ ለመተካት የሚደረግ ነው።

የጆሮ ማዳመጫዎም ያታልልዎታል። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ወፍራሙን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ያደርሳል፣ የአካባቢውን ጫጫታ ይከላከላል፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ ለሁለት ጆሮ ይሰጣል፤ ሙዚቃው ወደ ጎንና ጎን ስለሚዘረጋም መሃል ላይ ያለው ንግግር ብቻውን የቆመ ይመስላል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ግን ከ300 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) በታች ያለውን ድምፅ በአብዛኛው በደካማው ነው የሚያሰማው። የወንድ ተራኪ ድምፅ ሙላት ያለው እዚያው ስለሆነ በስልክ ሲሰማ ድምፁ ይሳሳል፤ የሙዚቃውም ባስ አብሮ ስለሚጠፋ ተመልካቹ ጋ የሚደርሰው ንግግሩና ሙዚቃው በጠባብ መካከለኛ ክልል ውስጥ ተፋፍገው ነው። በዚህ ላይ ተመልካቹ ያለበት ክፍል የራሱ ጫጫታ ይጨመራል።

ሌላው የሚያታልለው ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ መሥራት ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያዳምጥ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ በብዙ አሳንሶ ይሰማል፤ ድምፁ ከፍ ሲል ግን ልዩነቱ ይጠባል። ስለዚህ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚሠራ ሰው ለጆሮው ሁሉም ነገር ሞልቶና ተለይቶ ይሰማዋል። እኔ የምመክረው አብዛኛውን የሚዛን ሥራ አጠገብዎ ካለ ሰው ጋር ድምፅዎን ሳያነሡ መነጋገር በሚያስችልዎ የድምፅ መጠን እንዲሠሩ፣ በየመካከሉም ከዚያ ዝቅ አድርገው እንዲያዳምጡ ነው። ንግግሩ ለጥቂት ሊሰማ በሚችልበት ዝቅተኛ መጠን ላይ ሆነው የትኛው ቃል እንደሚጠፋ ቢከታተሉ ሙዚቃው ንግግሩን የሚሸፍንባቸው ቦታዎች ወዲያውኑ ይጋለጣሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ሥራውም የሚጀምረው የሙዚቃውን ትራክ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ንግግሩን ብቻውን በማዳመጥ ነው። እርስዎ የገለጹት ሁኔታ፣ ማለትም ሙዚቃው ከፍ ሲል ንግግሩን መዋጡ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ቪዲዮውን ማድረቁ፣ በእኔ ግምት ከሙዚቃው ይልቅ ከንግግሩ የሚመነጭ ነው። ተራኪው በክፍል ውስጥ ከማይክሮፎን አጠገብ ሆኖ ተቀርጿል፤ አንዷ ተጠያቂ ከርቀት ተቀርጻለች፤ ሌላው ተጠያቂ ዓረፍተ ነገሩን በኃይል ጀምሮ መጨረሻውን ወደ ሹክሹክታ ያወርደዋል እንበል። በጮኸውና በወረደው ንግግር መካከል 12 ዴሲቤል ልዩነት ካለ፣ ከጮኸው ንግግር በ18 ዴሲቤል ያነሰው ሙዚቃ ከወረደው ንግግር የሚያንሰው በ6 ዴሲቤል ብቻ ይሆናል። ለሁለቱም የሚስማማ አንድ የሙዚቃ መጠን ሊገኝ አይችልም። ሙዚቃውን ለደካማው ንግግር ብለው ቢያወርዱት በጠንካራው ንግግር ሥር ይጠፋል፤ ለጠንካራው ብለው ቢያነሡት ደካማውን ይሸፍናል።

ስለዚህ በቅድሚያ ንግግሩን ራሱን ያስተካክሉ። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ቁራጭ በታይምላይኑ ላይ እየነጠሉ መጠኑን በእጅ ያስተካክሉ፤ ኮምፕሬሰር፣ ማለትም የጮኸውን ድምፅ በራሱ ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ እንጂ ይህን የሚተካ አይደለም። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ከወደቀ ያን ቃል ብቻ ቆርጠው ሁለት ወይም ሦስት ዴሲቤል ይጨምሩለት፤ ድንገት የጮኸ ቃል ካለ ደግሞ ይቀንሱለት። ሥራው አሰልቺ ይመስላል፤ ሆኖም ለንግግር ግልጽነት ከዚህ የበለጠ ውጤት የሚሰጥ መሣሪያ አላውቅም። ቀጥሎ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በሃይ ፓስ ፊልተር ያስወግዱ፤ እዚያ ያለው በአብዛኛው የነፋስ፣ የጠረጴዛ ንክኪና የሞተር ጉምጉምታ ነው፤ ለቃሉ የሚጨምረው ነገር የለም። ከዚያም ኮምፕሬሰሩን በ3 ለ 1 ገደማ ሬሾ ይጀምሩት፤ በጣም ጠንካራ በሆኑት ቃላት ላይ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ቢቀንስ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከተጫኑት የትንፋሹና የክፍሉ ድምፅ አብሮ ይነሣል፤ ተናጋሪውም ዕረፍት የሌለው ይመስላል።

ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ችግሩ ከበድ ይላል። ማስተጋባት የአንዱን ቃል ጅራት በሚቀጥለው ቃል ራስ ላይ ስለሚጥል ንግግሩ ሙዚቃ ሳይጨመርበት ራሱን በራሱ ይሸፍናል። እንዲህ ባለው ቃለ መጠይቅ ሥር የሚገባው ሙዚቃ ከሌሎቹ ሁሉ ዝቅ ያለና የተረጋጋ መሆን አለበት፤ እንዲያውም ባይኖር ይሻላል። ማስተጋባትንና ጫጫታን የሚቀንሱ ፕለጊኖች ይረዳሉ፤ ነገር ግን በመጠን ይጠቀሙባቸው። ከመጠን በላይ የጸዳ ንግግር የተናባቢዎቹ ጥራት ተበልቶበት ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፅ ይሆናል፤ ጥቂት የጀርባ ጫጫታ ያለው ግልጽ ንግግር ከዚህ በእጅጉ ይመረጣል።

ንግግሩ ብቻውን ሲሰማ አንዱም ቃል የማያመልጥ ከሆነ በኋላ ሙዚቃውን ይክፈቱ። እዚህ ላይ ከድምፅ መጠን ይልቅ ፍሪኩዌንሲ ወይም ድግግሞሽ የምንለው ነገር፣ ማለትም የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት፣ ይበልጥ ይወስናል። ሁለት ድምፆች በአንድ የድግግሞሽ ክልል ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲገናኙ ጠንካራው ደካማውን ከጆሮ ይሰውረዋል፤ በተለያየ ክልል ውስጥ ከሆኑ ግን አብረው ይሰማሉ። በንግግር ውስጥ ኃይል ያላቸው አናባቢዎች ናቸው፤ አብዛኛው ጉልበታቸውም ከ1 ኪሎ ኸርዝ በታች ነው። አንዱን ቃል ከሌላው የምንለየው ግን በአብዛኛው በተናባቢዎች ነው፤ እነርሱም አጭርና ደካማ ናቸው፤ ሀብታቸውም ከ2 ኪሎ ኸርዝ ወደ ላይ ይበዛል። «ፈራ»፣ «ሠራ»፣ «ጠራ» የሚሉትን ቃላት ያስቡ። ሦስቱንም የሚለያቸው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ የሚቆይ የመጀመሪያ ተናባቢያቸው ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ጸናጽል ወይም የጊታር ክር ቢመታ አድማጩ የሚሰማው «...ራ» የሚለውን ብቻ ይሆናል፤ የድምፅ መለኪያዎ ግን ንግግሩ ከሙዚቃው በብዙ ዴሲቤል በልጦ ያሳየዎታል። መለኪያው ያየው የአናባቢውን ጉልበት ነውና።

የቀድሞው ስልክ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ክልል ብቻ እያስተላለፈ ሰዎችን ሲያነጋግር መኖሩ የንግግር ዋና ሥፍራ የት እንደሆነ በደንብ ያመለክታል። ስለዚህ በሙዚቃው ትራክ ላይ ኢኳላይዘር (የተመረጠ የድግግሞሽ ክልልን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ያስገቡና ከ1 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ክልል ሰፋ ባለ ኩርባ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉት። የኩርባውን መሃል በ2 ወይም በ2.5 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርገው ይጀምሩ፤ ከዚያም ንግግሩን እየሰሙ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ቃሉ ይበልጥ ወደ ፊት የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጉ። ይህን ሲያደርጉ ሙዚቃውን ብቻውን አያዳምጡት፤ ብቻውን ሲሰማ መሃሉ የተቦረቦረ ይመስላል፤ ንግግሩ ሲገባበት ግን ያ ክፍተት ይሞላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ክፍተት የተበጀለት ሙዚቃ ካልተነካው ሙዚቃ በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ከፍ ብሎ እንኳ ንግግሩን አይጎዳም፤ የቪዲዮው ድርቀት የሚጠፋውም በዚህ መንገድ ነው። ተናጋሪዎች ዝም በሚሉበት ጊዜ ሙዚቃው ወደ ሙሉ ቀለሙ እንዲመለስ ከፈለጉ ዳይናሚክ ኢኳላይዘር የተባለውን መሣሪያ ከንግግሩ ትራክ ጋር በሳይድቼይን፣ ማለትም አንዱ ትራክ በሌላው ላይ ያለውን መሣሪያ እንዲያዝ በሚያደርግ መንገድ፣ ያገናኙት፤ ያን ጊዜ ክልሉን ዝቅ የሚያደርገው ንግግር ሲኖር ብቻ ነው።

ባሱንም አይርሱት። ወፍራም ድምፅ ከእርሱ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ የመሸፈን አቅሙ ቀጭኑ ወፍራሙን ከሚሸፍነው የበለጠ ነው፤ በተለይ ድምፁ ከፍ ሲል ይህ ጎልቶ ይታያል። ከ150 እስከ 400 ኸርዝ ባለው ክልል የሚያገሣ የሲንተሳይዘር ድምፅ ወይም ቼሎ የወንድ ተራኪን ድምፅ ያደበዝዛል። እዚያም ሁለት ወይም ሦስት ዴሲቤል መቀነስ ንግግሩን ያነጻዋል።

እንዲህ ያለው ማስተካከያ ግን ከመጀመሪያው ያልተስማማ ሙዚቃን አያድንም። ሙዚቃ መምረጥ የሚክሲንግ (ድምፆችን አመጣጥኖ የማዋሃድ) ሥራ አካል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ብዙ አዘጋጆች በዚህ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ በጣም ትንሽ መሆኑም ያሳዝነኛል። ከንግግር ሥር የሚገባ ሙዚቃ ግጥም ያለው ዘፈን መሆን የለበትም፤ ቋንቋው ለአድማጩ የሚገባው ከሆነማ ጭራሽ አይሞከርም፤ አእምሮ ሁለት ንግግሮችን በአንድ ጊዜ መከታተል ስለማይችል የዘፋኙ ድምፅ እጅግ ዝቅ ቢል እንኳ ትኩረትን ይሻማል። ዜማውን እየመራ የሚሄድ ሳክስፎን፣ ቫዮሊን ወይም ዋሽንት በሰው ድምፅ ክልል ውስጥ ስለሚጫወትና እንደ ተናጋሪ ሐረግ ስለሚጀምርና ስለሚቋጭ ከተራኪው ጋር ይጋፋል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠባብ በር እኩል ለመግባት እንደሚገፋፉ ማለት ነው። ረዘም ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ፣ በድንገት የማይመታ፣ ዜማው የሳሳ ሙዚቃ ይምረጡ። የሙዚቃ ስብስብ ከሚያቀርቡ ድርጅቶች ሲወስዱ፣ አንዱን ሙዚቃ ከበሮው፣ ባሱና ዜማው በተለያየ ፋይል ተነጣጥሎ የሚገኝ ከሆነ ያንን ይውሰዱ። ሰው ሲናገር ዜማውንና ከበሮውን ዘግተው ሥሩን ብቻ ማስቀረት፣ ንግግሩ ሲያበቃም መልሶ መክፈት ይችላሉ፤ አድማጩ ሙዚቃው እንደተቀነሰ ሳይሰማው ንግግሩ ሰፊ ቦታ ያገኛል። ይህ ዘዴ ሙዚቃን በፌደር (በድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው) ከማውረድ ይልቅ ጆሮን አያስከፋም።

ቀጥሎ የሚመጣው ዳኪንግ ነው፤ ማለትም ሰው ሲናገር ሙዚቃው ዝቅ እንዲል፣ ሲያቆም ከፍ እንዲል ማድረግ። ፕሪሚየር ፕሮ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭና ኦዳሲቲ ሁሉም ይህን በራሱ የሚሠራ መሣሪያ አላቸው። ለረጅም ቪዲዮ አውቶማቲኩን እንደ መነሻ መጠቀም ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን እንደወጣ አይተዉት። አውቶማቲክ ዳኪንግ ተናጋሪው ለትንፋሽ ባቆመ ቁጥር ሙዚቃውን ያነሣዋል፣ ቃል ሲጀምር ይጥለዋል፤ ሙዚቃውም እየተነፈሰ የሚሄድ ይመስላል፤ አድማጩ ምክንያቱን ባያውቅም ይረበሻል። ይህን ለማስቀረት ሙዚቃው ወደ ላይ የሚመለስበትን ጊዜ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ያርዝሙት፤ የሚወርድበትን መጠንም ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ይገድቡት። ከዚህ በላይ መውረድ የሚያስፈልገው ከሆነ በንግግሮች መካከል ያለው የሙዚቃ መጠን ራሱ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

እኔ ለዘጋቢ ሥራ የምመርጠው በእጅ የሚሠራውን ነው። የሙዚቃውን መስመር ከፍተው በኪፍሬም፣ ማለትም በመስመሩ ላይ በሚተክሏቸው ነጥቦች፣ ሲያወርዱት የመጀመሪያው ቃል ከመሰማቱ ግማሽ ሰከንድ ያህል አስቀድሞ መውረድ ይጀምር፤ ቃሉ ሲመጣ ቦታው ተዘጋጅቶ ይቆየዋል። አንድ ተናጋሪ መናገር በሚጀምርበት ቅጽበት አድማጩ ገና ከአዲስ ድምፅና ከአዲስ የንግግር ፍጥነት ጋር እየተላመደ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት በቀላሉ ያመልጣሉ፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ሙዚቃውን ከቀሪው ንግግር ይልቅ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ጨምረው ዝቅ ማድረግ፣ ጆሮ ከተላመደ በኋላ ቀስ ብለው ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት በሚጠሩበት ቦታም እንዲሁ ያድርጉ፤ እነዚህን አድማጩ ከዐውዱ ገምቶ ሊሞላቸው አይችልም። ንግግሩ ሲያበቃ ደግሞ ሙዚቃው የሚነሣበትን ጊዜ ከሐረጉ ጋር ያስማሙት፤ በሙዚቃው ምት ላይ የተነሣ ሙዚቃ የሐሳቡ ቀጣይ ይመስላል፤ በሐረግ መሃል የተነሣ ግን አንድ ሰው ፌደሩን እንደነካው ያሳብቃል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ቪዲዮዎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙዚቃ እንዳለው ጽፈዋል፤ ይህ በራሱ የችግሩ ትልቅ ክፍል ይመስለኛል። ያለማቋረጥ የሚሰማ ሙዚቃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስሜት መስጠቱን ያቆማል፤ አድማጩ የሚቀርለት ድካሙ ብቻ ነው፤ ሙዚቃው ሲቀነስ ድርቀት የሚሰማውም ሙዚቃው እንዲኖር አስቀድመን ስላስለመድነው ነው። ተጠያቂዎችዎ የልባቸውን የሚናገሩበት ቦታ ካለ ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ ያንሡት። በሚወጣበት ቦታ የክፍሉ ተፈጥሯዊ ድምፅ፣ ማለትም ማንም ሳይናገር የተቀረጸው የክፍል ጸጥታ፣ ከሥር ይቀጥል፤ ያለዚያ ጆሮ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ይመስለዋል። ሙዚቃው ርዕሰ ጉዳይ ሲቀየር፣ ምስሉ ብቻውን ሲናገር፣ ጊዜ ማለፉን ማሳየት ሲፈልጉ ይመለስ። እንዲህ ሲሆን በንግግር መካከል ባሉት ቦታዎች ላይ በድፍረት ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ቪዲዮውም ሕይወት ያገኛል።

ስለ ግራና ቀኝ ስርጭት ብዙ የሚባል የለም። ንግግሩን መሃል ላይ ያኑሩ፤ ሙዚቃው ሰፋ ብሎ ወደ ጎን ቢዘረጋ በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰሙት ይጠቅማል። ነገር ግን ሚክሱን በሞኖ ሳይሰሙ አያስረክቡ። ሁለቱ ጎኖች ወደ አንድ ሲጠቃለሉ የሙዚቃው አንዳንድ ክፍል ሊጠፋ፣ አንዳንዱ መሃል ላይ መጥቶ ንግግሩ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ በአንድ ድምፅ ማጉያ የሚሰማ ተመልካች ጋ የሚደርሰው ይኸው ነው።

አሁን መለኪያውን እናንሣ፤ በእርግጥም ከዚህ ሁሉ በኋላ ቁጥር ይጠቅማል። ከፒክ፣ ማለትም ድምፁ ለቅጽበት ከሚደርስበት ጫፍ፣ ይልቅ የሚሰማውን ጉልህነት የሚለካውን ላፍስ ይጠቀሙ፤ እርሱም የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ቢኤስ 1770 ብሎ ባወጣው የአለካክ ዘዴ ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የንግግሩን ትራክ ብቻውን ከፍተው በአጭር ጊዜ መለኪያው ሲያዩት በ-16 ላፍስ አካባቢ ይመላለሳል እንበል፤ ከንግግሩ ሥር ያለውን ሙዚቃ ብቻውን ሲከፍቱት ከ-32 እስከ -36 መካከል ቢሆን ልዩነቱ ከ16 እስከ 20 ነው። ንግግር በሌለበት ቦታ ሙዚቃው ወደ -26 አካባቢ ቢነሣ አድማጩ ሙዚቃው እንደተመለሰ ይሰማዋል፤ ድምፁን ለመቀነስም እጁን አይዘረጋም። ሙዚቃው ብቻውን ሲሆን ከንግግሩ ጉልህነት መብለጥ የለበትም የሚለውን ሕግ እኔ አጥብቄ እይዘዋለሁ።

አጠቃላይ ጉልህነቱ ቪዲዮው በሚወጣበት ቦታ ይወሰናል። የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው አር 128 የተባለ ምክረ ሐሳብ ለቴሌቪዥን -23 ላፍስን ይጠይቃል። ዩቲዩብ ከ-14 ላፍስ በላይ የጮኸውን ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ያነሰውን ግን አያነሣም። ስለዚህ ለኢንተርኔት ሲሠሩ ሙሉ ሚክሱን ከ-16 እስከ -14 ባለው ውስጥ አውጥተው በሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ በሚያግድ መሣሪያ) ትክክለኛውን ፒክ ከ-1 ዴሲቤል በታች ቢይዙት ይስማማል። ሊሚተሩ ንግግሩንና ሙዚቃውን አንድ ላይ እንደሚጫን ግን አይዘንጉ፤ ብዙ ከተጫነ ዝቅ ያደረጉትን ሙዚቃ ከንግግሩ ጋር አቀራርቦ ይመልሰዋል። ሊሚተሩ ከ2 ወይም ከ3 ዴሲቤል በላይ እየሠራ ካገኙት ወደ ንግግሩ ትራክ ተመልሰው የሾሉትን ቃላት እዚያው ያስተካክሉ።

ሥራው ሲያልቅ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ በስልክዎ፣ ውኃ የሚፈስበት ወይም ማራገቢያ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ሆነው፣ ምስሉን ሳያዩ ያዳምጡት፤ የተናጋሪው ከንፈር ለጆሮ የሚያደርገው እርዳታ ትልቅ ስለሆነ ያለ ምስል መስማት ፈተናውን ያጠነክረዋል። ከዚያም ጽሑፉን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ይፈልጉ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ጆሮ በዕድሜ ሲደክም ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ፣ ማለትም የተናባቢዎችን ክልል ነውና። «ወደዱት?» ብለው አይጠይቋቸው፤ «ይሰማል?» ብለውም አይጠይቋቸው፤ ሰዎች ለትሕትና ሲሉ ይሰማል ይላሉ። ሁለት ደቂቃ ካሰሟቸው በኋላ የተናገረው ሰው ምን እንዳለ፣ የትኛውን ስምና ቁጥር እንደጠራ እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። የተሳሳቱበት ቦታ ሙዚቃው ገና መውረድ ያለበት ቦታ ነው።

በመጨረሻ ሙዚቃ በተከፈተበት ቦታ ስለተቀረጸው ቃለ መጠይቅ። ንግግርን ከሙዚቃ የሚለዩ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መሣሪያዎች ዛሬ በብዙ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ውስጥ ይገኛሉ፤ ውጤታቸውም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው እጅግ የተሻለ ነው። ሙዚቃው ከንግግሩ በግልጽ ያነሰና ግጥም የሌለው ከሆነ ጥሩ ውጤት ይጠብቁ። ዘፈን ከሆነ ግን መሣሪያው የዘፋኙንም ድምፅ እንደ ንግግር ቆጥሮ ሊያስቀረው ይችላል፤ ሙዚቃው ከንግግሩ እኩል የጮኸ ከሆነ ደግሞ ተናባቢዎቹን አብሮ ይቆርጣል። ስለዚህ የሙዚቃውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ከማውጣት ይልቅ በ8 ወይም በ10 ዴሲቤል ዝቅ አድርገው የቀረውን ይተዉት፤ ይህ ንግግሩን ተፈጥሯዊ አድርጎ ያቆየዋል። በዚያ ቃለ መጠይቅ ሥር ሌላ ማጀቢያ ሙዚቃ አይጨምሩ፤ ሁለት የማይገናኙ ሙዚቃዎች ሲደራረቡ ንግግሩ ከሁለቱም ጋር መታገል ይኖርበታል። ንግግሩን ቆራርጠው ከቀጠሉት የተረፈው ሙዚቃ በየቁርጡ ላይ መዝለሉ ስለሚሰማ፣ ከአንድ ረጅም ሳይቆረጥ ከተነገረ ክፍል መርጠው ቢወስዱ ይሻላል። ከስፍራው ድምፅ ማጉያ የተቀረጸው ሙዚቃ ባለመብት ያለው ከሆነ ቪዲዮው ሲጫን የቅጂ መብት ጥያቄ ሊያስነሣ እንደሚችልም አስቀድመው ያስቡበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቃሉ አሁንም የማይለይ ከሆነ ንግግሩን በጽሑፍ ከምስሉ ሥር ያኑሩ፤ ወይም ከተጠያቂው ጋር ጸጥ ባለ ክፍል እንደገና ተገናኝተው ያንኑ ሐሳብ በድምፅ ብቻ ይቅረጹትና በምስሉ ላይ ያስገቡት።